በእጅ የያዙት ወርቅ፦ የእንዶድ ታሪክና የዩኒቨርሲቲያችን ዕዳ



‹‹በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል›› ይላሉ አበው። ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችንና ስለ ምርምር በተነሣ ቁጥር ይህ አነጋገር ትዝ ይለኛል። ሰሞኑንም እንዲሁ ሆነ። አንድ ወዳጄ ቡና እየጠጣን ሳለ ‹‹ለመሆኑ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለአገር የሚበጅ ምን ምርምር ሠርተው ያውቃሉ?›› ሲል ጠየቀኝ። ‹‹እንዶድ›› አልኩት። ሳቀ። ‹‹እርሱንማ ፈረንጆች ሰረቁን አይደል?›› ብሎ ወሬውን ዘጋው።

እኔም ብሆን ለብዙ ዓመታት ታሪኩን የማውቀውም የምናገረውም ልክ እንደ ወዳጄ ነበር። የስርቆት ታሪክ ለተናጋሪውም ለሰሚውም ይጣፍጣል፤ ጥፋተኛው ሩቅ ነው፣ እኛ ደግሞ ንጹሐን ነን። ነገሩን ቀረብ ብዬ ስመረምረው ግን ያ የምንወደው ታሪክ ግማሽ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ዛሬ ሌላውን ግማሽ ላወጋችሁ እሻለሁ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።)

አጣቢዎቹ የሚያውቁት

እንዶድ ከሳሙና በፊት የነበረ ሳሙናችን ነው። በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ አንዶዴ ይባላል። ፍሬው ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ሲታሽም አረፋ ይደፍቃል። ነጠላና ጋቢ፣ በተለይም ለዓውደ ዓመት የሚለበሰው ነጭ ልብስ፣ በእርሱ ታጥቦ ይነጣ ነበር። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያሻም፤ እናቶቻችንና አያቶቻችን ያውቁታል።

በ1964 አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ የሳይንስ ሰው በዓድዋ ከተማ ወንዝ ዳር ቆመው ልብስ አጣቢዎችን ይመለከቱ ነበር። ሰውየው በ1935 ጅጅጋ የተወለዱት፣ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት አክሊሉ ለማ ናቸው። ወደ ዓድዋ የሄዱት የቢልሃርዚያን ነገር ሊያጠኑ ነበር። ቢልሃርዚያ የውኃ ዳር በሽታ ነው። የትሉ እንቁላል በሰው ሰገራ ወይም ሽንት ወደ ወንዝ ይገባል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው ነፍሳት በአንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ በሽታው መሸጋገሪያ ያጣል። ስለዚህም ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ከመከላከያ መንገዶች ሁሉ ትልቁ ተደርጎ ይታይ ነበር።

አክሊሉ ያዩት እንዲህ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታያሉ፤ በሌላው ሥፍራ ግን እንዲህ አይደለም። ከአጣቢዎቹ አንዷን ለምነው፣ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ከአረፋው ጥቂት አስጨመሩ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ይህ ግኝት የማን ነው? ፍሬውን መልቀም፣ ማድረቅና መውቀጥ የሴቶቹ ዕውቀት ነው። አረፋው ከሞቱት ቀንድ አውጣዎች ጋር ምን እንዳገናኘው መጠየቅ ደግሞ የተማረው ሰው ዕውቀት ነው። አንዱ ያለ ሌላው ምንም አይሆንም ነበር። ሆኖም የተማረውን ሰው ስም ሁላችንም እናውቃለን፤ የዚያችን አጣቢ ስም ግን እኔ እስከ ዛሬ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ይህን የምለው አክሊሉን ለመንቀፍ አይደለም፤ በኋላ ወደ ባለቤትነት ጥያቄ ስንመጣ እንድናስታውሰው ብዬ ነው።

አንድ ግቢ፣ ሁለት ታሪክ

ዘመኑን እናስታውስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተቋቋመው በ1950 ነው። በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሰጡትን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት መቀመጫው አደረገ። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ። በ1964 ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ የሚያስገድደው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት ተሠማሩ።

በ1965 አክሊሉ ስለ እንዶድ የመጀመሪያ ዘገባቸውን በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። በዚያው ዓመት የካቲት ወር የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ‹‹መሬት ለአራሹ›› እያሉ አደባባይ ወጡ። ሁለቱም ነገሮች የዚያው የአንድ ግቢ ፍሬዎች ናቸው። ሁለቱም ያነሡት ስለ ገጠሩ ሰው ነው፤ አንዱ ስለሚያርሰው መሬት፣ ሌላው ልጆቹ ስለሚገቡበት ውኃ። እኛ ግን የመጀመሪያውን ለዘመናት ስንተርክና ስንጣላበት ኖርን፤ ሁለተኛው ከእግር ማስታወሻ አላለፈም። የፖለቲካ ታሪካችንን የምንጽፍ ሰዎች ስለ ሰልፉ እንጂ ስለ ቤተ ሙከራው አንጽፍም። ይህ ወቀሳ እኔንም ይጨምራል።

በ1966 አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ዛሬ ተቋሙ በስማቸው ይጠራል። የዕፅዋት አጥኚው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው እያነጻጸሩ፣ ቀንድ አውጣን በመግደል ረገድ የላቀውን መረጡ፤ እርሱም እንዶድ 44 በመባል ይታወቃል። በአሜሪካ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሊቃውንት ደግሞ በፍሬው ውስጥ ያለውን ገዳይ ንጥረ ነገር ለይተው፣ በአክሊሉ አባት ስም ‹‹ለማቶክሲን›› አሉት።

ዓድዋ፣ ከ1969 እስከ 1974

ከዚያ የተደረገው ነገር በእኔ እምነት ከግኝቱ ይበልጣል። ተመራማሪዎቹ ጽሑፍ አሳትመው አልተቀመጡም። ወደ መጡበት ከተማ ተመልሰው ለአምስት ዓመታት የዓድዋን ውኃዎች በእንዶድ እያከሙ ውጤቱን በሕዝቡ ላይ ለኩ። ሲጀምሩ ከነዋሪው 63 በመቶ የሚሆነው በበሽታው ተይዞ ነበር፤ ሲጨርሱ ቁጥሩ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። በትናንሾቹ ሕፃናት ዘንድ የታየው ግን እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ።

ለምን በሕፃናቱ እንዲህ ጎልቶ ታየ? ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። እንዶድ የሚገድለው ቀንድ አውጣውን እንጂ በሰው ውስጥ ያለውን ትል አይደለም። ስለዚህ ቀደም ብሎ የተያዘው ትልቅ ሰው በሽታውን እንደ ተሸከመ ይቆያል፤ ሥራው ከተጀመረ በኋላ የተወለደው ሕፃን ግን ንጹሕ ወንዝ ያገኛል። ያ 7 በመቶ የሚነግረን የበሽታው ሰንሰለት መበጠስ መጀመሩን ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው በአገር ውስጥ በሚበቅል ተክል፣ በአገር ልጆች መሪነት ነው። የጊዜው አማራጭ ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገባ ኬሚካል ነበርና።

ጥናቱ ያበቃበት ዓመትና አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት አንድ ነው፤ 1974። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ ተማሪውና መምህሩ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። ቀጥሎ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትግራይ ለረጅም ዓመታት የጦርነት አውድማ ሆነች። አክሊሉም ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ውስጥ ማገልገል ጀመሩ። ወንዙን በየጊዜው የማከም ሥራ ተቋም ይፈልጋል፣ በጀት ይፈልጋል፣ ሰላም ይፈልጋል። ሦስቱም አልነበሩም።

ደረጃ የሚባለው ግንብ

ከውጭ የቆመው ግንብ ሌላ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንዶድ በሰውና በእንስሳት ላይ ጉዳት አለማድረሱ በታወቁ የቤተ ሙከራ ደረጃዎች እስካልተረጋገጠ ድረስ በሰፊው ጥቅም ላይ እንዲውል አልደገፈውም። ጥያቄው በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ወደ ሕዝብ ውኃ የሚጨመር ነገር መፈተሽ አለበት። ነገር ግን ፈተናውን ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብና የታወቀ ቤተ ሙከራ ድሃ አገር ውስጥ አልነበረም። ፈተናው በካናዳ መንግሥት የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ተሠርቶ አጥጋቢ ውጤት ያስገኘው በ1990 አካባቢ ነው። ከዓድዋው ቀን ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ ማለት ነው። አክሊሉ ራሳቸው፣ ችግሩ ተክሉ ሳይሆን ግኝቱ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ መወለዱ ነው የሚል ቅሬታ በይፋ ያሰሙ ነበር። በ1989 እርሳቸውና ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ‹‹አማራጭ ኖቤል›› የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ሲቀበሉ፣ ዓለም ለሥራቸው ዕውቅና ሰጠ፤ ወንዞቹ ግን እንደ ነበሩ ነበሩ።

ለእውነት ስንል ሌላውንም እንናገር። በዚያው ሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ የሕክምናው መንገድ ተለውጧል። በ1970ዎቹ በጀርመን ኩባንያዎች የተሠራው ፕራዚኳንቴል የተባለው ኪኒን በአንድ ጊዜ ተውጦ ትሉን ይገድላል። የዓለም ትኩረትም ከወንዙ ወደ በሽተኛው ዞረ። እንዶድም የራሱ ጉድለቶች አሉት። ዓሣ ይገድላል፤ ኃይሉ እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ ቀንድ አውጣው ተመልሶ ስለሚራባም ሥራው መደጋገም አለበት። ስለዚህ እንዶድ የቀረው በሤራ ብቻ ነው የሚል ሰው ታሪኩን አላነበበውም።

ከዓድዋ እስከ ቶሌዶ

አሁን ወደ ‹‹ስርቆቱ›› እንምጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዜብራ ሙስል የሚባል፣ ጣት የማያህል ዛጎል ለበስ እንስሳ ከኤውሮፓ በመርከብ ተጭኖ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገባ። በከተሞች የውኃ መሳቢያና በኃይል ማመንጫዎች ቧንቧ ውስጥ እየተጣበቀ ይዘጋቸው ጀመር። በ1990 አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ለመቀበል በኦሃዮ ግዛት ወደሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ቶሌዶ በኢሪ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት፤ ችግሩም በደጃፏ ነበር። እንዶድ ቀንድ አውጣን ከገደለ ይህንንስ አይገድልም ወይ? ተሞከረ፤ ገደለ። ዩኒቨርሲቲው ወዲያው የፓተንት ማመልከቻ አስገባ፣ በ1993ም ፓተንቱ ተሰጠው።

ይህን ስናነብ ደማችን ይፈላል። የዓድዋ አጣቢዎች ዕውቀት የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ንብረት ሆነ፤ ለአጣቢዎቹም ሆነ ለአገራቸው የተቆረጠ ድርሻ አልነበረም። የባሕላዊ ዕውቀትን ዘረፋ የሚቃወሙ የዓለም ድርጅቶችም እንዶድን ከዋና ምሳሌዎቻቸው አንዱ አደረጉት። ልክ ናቸው፤ ይህ ፍትሕ አይደለም።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። በ1964 እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያወቀ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1990 ቶሌዶ ከሙከራ ወደ ማመልከቻ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም፤ ሥራው ይኸው የሆነ ጽሕፈት ቤት፣ የሕግ ባለሙያና የሚመራበት ደንብ ነበረውና። በዚያ ሁሉ ዘመን የእኛ ጽሕፈት ቤት የት ነበር?

በር የሌለው ቤት

መልሱ አጭርና መራራ ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓተንት ሕግ ያወጣችው በ1995 ነው፤ የቶሌዶ ፓተንት ከተሰጠ ሁለት ዓመት በኋላ። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው በ2003 ነው። ስለ ብዝኀ ሕይወት ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀም የሚደነግገው አዋጅ የወጣው በ2006 ነው። ሦስት መንግሥታት አልፈዋል፤ ንጉሣዊው ዩኒቨርሲቲን ሠራ፣ ሕጉን ግን አልሠራም፤ ደርግ የግል ባለቤትነትን ነገር እንደ ኃጢአት ቆጠረው፤ ኢሕአዴግ ሕጉን አወጣ፣ ግን በ1993 ከ40 የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራንን በአንድ ጊዜ አባረረ። ሕግ ሲመጣ ሰው ተባረረ፤ ሰው በነበረ ጊዜ ሕግ አልነበረም።

በር በሌለው ቤት ውስጥ ንብረት ጠፋ ብሎ ሌባን መክሰስ ይገባል፤ በሩን አለመሥራታችንን መርሳት ግን አይገባም። ይህን ያላስተዋለ ሰው የጤፍን ነገር ይመልከት። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በ2003 በጤፍ አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። በ2005 የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ጥቅም ለመጋራት ከኩባንያው ጋር ተዋዋሉ፤ በጊዜውም ውሉ ለሌላው ዓለም አርአያ ይሆናል ተባለ። ኩባንያው በ2009 ከሠረ፤ ውሉ ባዶ ወረቀት ሆኖ ቀረ፣ ፓተንቱ ግን በሌሎች እጅ ቆየ። በመጨረሻ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ውድቅ አደረገው። ውድቅ ያስደረገው ክርክር ግን ኢትዮጵያ ያቀረበችው አልነበረም፤ የሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ሙግት ነበር። እኛ ፍርዱን በዜና ሰማን፣ ደስም አለን። ከእንዶድ ምን ተማርን ታዲያ?

ልጁ የት አለ?

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል አይጠፋም። የቶሌዶ ፓተንትም ዘመኑ አልፎበታል። ነገሩን ዛሬ ያነሣሁት ግን በምክንያት ነው። በ2023 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል። ራስ ገዝ ማለት የራሱን ገቢም ይፈልግ ማለት ነው። እንግዲህ ምርምርን ወደ ገንዘብ የመለወጥ ነገር ከአሁን በኋላ በየስብሰባው ይነሣል። መነሣቱ መልካም ነው፤ ስድሳ ዓመት ዘግይቶ ቢሆንም። ፍርሃቴ ሌላ ነው። ትናንት ቤተ ሙከራ ኖሮን የንግድና የሕግ ክንድ ስላልነበረን ከሰርን። ነገ ደግሞ የንግዱን ክንድ ስንሠራ፣ ቤተ ሙከራው ለማን እንደ ቆመ እንዳንረሳ።

ቢልሃርዚያ አብልጦ የሚያጠቃው ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ነው። ወንዝ የሚዋኙት፣ ከብት የሚያጠጡት፣ ውኃ የሚቀዱት እነርሱ ናቸው። በሽታው ደማቸውን ያሳንሳል፣ ዕድገታቸውን ይገታል፣ ያደክማቸዋል። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚያንቀላፋው ልጅ ሰነፍ ተብሎ ይገረፋል፤ የታመመው ግን ሆዱ ነው። በ1960ዎቹ በየገጠሩ ለማስተማር የተላኩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንዲህ ያሉ ልጆችን ሳያዩ አልቀሩም።

ኢትዮጵያ በየትምህርት ቤቱ የትል መድኃኒት የማደል አገር አቀፍ ዘመቻ በ2015 ጀምራለች። ትልቅ ሥራ ነው፤ መመስገን አለበት። ግን ኪኒኑን የዋጠው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ወደዚያው ወንዝ ይመለሳል፤ እንደ ገና ይያዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 ቀንድ አውጣን በመድኃኒት ስለ መቆጣጠር መመሪያ አውጥቶ፣ ኪኒን ብቻውን እንደማይበቃ አመልክቷል። አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በዓድዋ ወደ ያዙት ሐሳብ ዓለም ቀስ እያለ እየተመለሰ ነው ማለት ነው። አክሊሉ ግን ይህን ሳያዩ በ1997 ዐርፈዋል።

በእኛ ዘንድስ? በየዩኒቨርሲቲው በተማሪዎች ላይ የሚደረጉ የቢልሃርዚያ ስርጭት ጥናቶች ከመብዛታቸው የተነሣ ለመቁጠር ያታክታሉ። በዚህ ወረዳ ይህን ያህል በመቶ፣ በዚያ ወረዳ ያን ያህል በመቶ ይላሉ። ጥናቱ ይታተማል፣ መምህሩ ማዕረግ ያገኛል፣ ልጁም ወደ ወንዙ ይመለሳል። የታመሙትን መቁጠር ምርምር አይደለም አልልም፤ መነሻ ነው። የዓድዋው ጥናት ግን ቆጥሮ አልተወም። ቆጠረ፣ ወንዙን አከመ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ቆጠረ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ያጣነውም ይህን ነው።

እናም ለወዳጄ ያልመለስኩለትን መልስ እዚህ ልጻፍለት። አዎን፣ ዩኒቨርሲቲያችን ለአገር የሚበጅ ምርምር ሠርቶ ያውቃል። የተበደልንበትም አለ። ነገር ግን ከቶሌዶ ፓተንት ይልቅ የሚያሳፍረኝ የዓድዋው ሥራ በ1974 ቆሞ መቅረቱና ማንም መልሶ ያልጠየቀው መሆኑ ነው። ፓተንቱን የወሰዱብን ሌሎች ናቸው፤ ከ50 ወደ 7 የወረደውን ቁጥር ግን የተውነው እኛ ራሳችን ነን። ራስ ገዝ የሆነው ዩኒቨርሲቲ የሕግና የንግድ ጽሕፈት ቤቱን ያቋቁም፤ ከሚያገኘው ጥቅም ለባለ ዕውቀቱ ማኅበረሰብ ድርሻ ይቁረጥ። ዓመታዊ ሪፖርቱን ሲያቀርብ ግን ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመና ስንት ብር እንዳገኘ ብቻ አይንገረን። ስንት ልጅ ከበሽታ እንደ ዳነም ይንገረን።

ያን ጊዜ በእጃችን የያዝነውን ወርቅ፣ ወርቅ ብለን እንቆጥረዋለን።

ቸር እንሰንብት።